«ይሄ ደግሞ ምግብ ነው?» ከኬረላ ገበታ እስከ ገለጉ

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም



ስልካችን ላይ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ዓይነት ቪዲዮ አለ። ዱባይ ወይም ዶሃ ወይም ሪያድ ያለ ያገራችን ልጅ ከሥራ መልስ ከጓደኞቹ ጋር የደቡብ ህንድ ምግብ ቤት ይገባል። ክንድ የሚያህል፣ እንደ ብራና የተጠቀለለ ቀጭን ቂጣ ይቀርብለታል። ከጎኑ በትናንሽ ሳህን ቀጠን ያለ ወጥና ነጭ ማባያ አለ። ልጁ ካሜራውን ሳህኑ ላይ አስጠግቶ «ኧረ ጉድ! ይሄ ደግሞ ምግብ ነው?» ይላል። ቀጥሎ ካሜራውን ወደ ጎረቤት ጠረጴዛ ያዞረዋል። ሥራ ያደከመው አንድ ህንዳዊ ሩዙን በወጥ አሽቶ በእጁ እየጎረሰ ነው። ሰውየው እየተቀረጸ መሆኑን አያውቅም። ልጁ ይስቃል። እኛም እዚህ ገለጉና መተማ ዮሐንስ፣ ገንዳ ውኃና ጎንደር ቁጭ ብለን ቪዲዮውን እየተቀባበልን አብረን እንስቃለን።

ብዙዎቻችን «ቀልድ ነው፣ ምን አለበት?» እንላለን። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ግን ሌላ ነው። በሰው ገበታ መሳቅ የአደብ ጉድለት ነው፤ አደብ ደግሞ ለሙስሊም የዲኑ አካል ነው። የሰውን ምግብ የናቀ ውሎ አድሮ ሰውየውን መናቁ አይቀርም። ይህ ደግሞ ዱባይ ብቻ የሚታይ በሽታ አይደለም። በጣና ዳርና በቋራ ቆላ፣ በራሳችን መሀል፣ ሰው በሚበላው ነገር ተንቆ የኖረበት ታሪክ አለን። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ሳህኑ ላይ ያለው ነገር ምን እንደሆነ እንወቅ። የሚስቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚስቅበትን ነገር አያውቀውምና።

*የእንጀራ ዘመድ*

ያ ቀጭን ቂጣ ዶሳ ይባላል። አሠራሩን ለእናትህ ብትነግራት «ይሄማ የእንጀራ ዘመድ ነው» ትልሃለች። ሩዝና ኡራድ የሚባል የማሾ ዘመድ የሆነ ጥራጥሬ ይዘፈዘፋል፣ ይፈጫል፣ ተቀላቅሎ አንድ ሌሊት ይቦካል። ብዙ ባለሙያዎች ሊጡ ውስጥ ትንሽ አብሽ ይጨምራሉ። ሊጡ ኩፍ ሲል በጋለ ምጣድ ላይ ከመሀል ወደ ዳር በክብ ይዘረጋል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ እንጀራ ተከድኖ በራሱ እንፋሎት ይበስላል፣ ዓይን ያወጣል። ዶሳ ግን ዘይት ወይም ቅቤ ጠብ እየተደረገበት እስኪንኮሻኮሽ ይጋገራል። በእርድና በሽንኩርት የተሠራ ድንች መሀሉ ሲገባበት «መሳላ ዶሳ» ይሆናል። ኢድሊ የሚሉት ነጭና ክብ ምግብ ከዚያው ዓይነት ሊጥ ተሠርቶ በእንፋሎት የሚበስል ነው። አፓም የሚባለው ደግሞ ከሩዝና ከኮኮናት ቦክቶ የሚጋገር ሲሆን መሀሉ ልክ እንደ እንጀራ ዓይን አለው።

በትንሹ ሳህን የመጣው ወጥ ሳምባር ነው። ክክና አትክልት አለበት። የሚያኮመጥጠው ደግሞ ሁመር ነው፤ ሱዳኖች ዐረዴብ የሚሉት፣ የቆላ ልጅ ፍሬውን እየመጠጠ ያደገበት ዛፍ። ዐረቦች ይህን ፍሬ «ተምር ሂንዲ» ወይም የህንድ ተምር ብለው ሰየሙት። የዕፅዋት ሊቃውንት ግን የዛፉ ጥንተ አገር አፍሪካ ነው ይላሉ። ስሙ የህንድ፣ ትውልዱ የአፍሪካ ማለት ነው። በርበሬው፣ እርዱ፣ ድምብላሉ፣ ሄሉ ሁሉ እናቶቻችን ቤት ያለ ነው። አዲስ የሚሆንብህ የኮኮናቱ ጣዕምና ሒንግ የሚሉት ሽታው ኃይለኛ የሆነ የቅመም ሙጫ ብቻ ነው። ለማያውቀው ሰው የኛም ንጥር ቅቤ ይሸተዋል።

*ማሽላው ከኛ፣ ሰሊጡ ከነሱ*

ገለጉ ላይ ኑሮ የቆመው በሁለት ነገር ነው፤ ማሽላ ይበላል፣ ሰሊጥ ይሸጣል። የሁለቱን ታሪክ ያየ ሰው በህንድ ገበታ ለመሳቅ አፉ አይታዘዝለትም።

ማሽላ የተላመደው በዚሁ በኛ አካባቢ ነው። ከድንበሩ ማዶ፣ በምሥራቅ ሱዳን በከሰላ አቅራቢያ የተገኙ ጥንታዊ የሸክላ ስብርባሪዎች ላይ የማሽላ አሻራ ታትሞ ተገኝቷል። ተመራማሪዎች ዕድሜው ከ5000 ዓመት በላይ እንደሆነ አረጋግጠዋል። እህሉ ከዚያ ባሕር ተሻግሮ ህንድ ገባ። ዛሬ ካርናታካ በምትባለው የደቡብ ህንድ ክፍለ ግዛት ገበሬው «ጆላዳ ሮቲ» ብሎ የሚበላው የማሽላ ቂጣ ነው። ዳጉሳም እንዲሁ ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ነው የሄደው። እነሱ «ራጊ» ይሉታል። «ራጊ ሙዴ» ብለው አድበልብለው ከወጥ ጋር የሚበሉት ምግብ ከኛ ገንፎ የሚለየው በቅርጹ ነው።

ሰሊጥ ደግሞ በተቃራኒው ሄደ። ተመራማሪዎች የሰሊጥ ጥንተ መነሻ የህንድ ክፍለ አህጉር እንደሆነ ይናገራሉ። የቅርብ ዘመዱ የሆነው የዱር ሰሊጥ የሳይንስ ስሙን ያገኘው ከማላባር ነው። ማላባር ማለት የዛሬዋ ኬረላ የባሕር ዳርቻ ነው። በጎረቤቷ በታሚል ናዱ ዛሬም ኢድሊ የሚበላው በተወቀጠ ቅመም ላይ የሰሊጥ ዘይት ተጨምሮበት ነው።

እንግዲህ አስቡት። የቋራ ገበሬ ልጆቹን የሚያስተምርበት ሰሊጥ በጥንት ዘመን ከዚያ ወገን የመጣ ነው። የደቡብ ህንድ ገበሬ ልጆቹን የሚያበላበት ማሽላና ዳጉሳ ከዚህ ወገን የሄደ ነው። ያኔ መርከብ ላይ የነበሩት ሰዎች የአንዱን ዘር ለሌላው አደረሱ። እኛ ዛሬ በአውሮፕላን ሄደን ያደረስነው ሳቅ ከሆነ ያሳፍራል።

አንድ ሌላ ነገርም ልብ በሉ። በሰው ምግብ የሚስቀው ልጅ አገሩ ሳለ በራሱም ምግብ ያፍር ነበር። የማሽላ እንጀራ «የድሃ ምግብ» ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ይደበቅና የጤፍ ይፈለጋል። የደቡብ ህንዱ ሰው ግን የእናቱን የቦካ ቂጣ ዱባይ ድረስ ይዞ መጥቶ፣ በሩ ላይ በትልቁ ጽፎ፣ ለዓለም ሁሉ ይሸጣል። በራሱ ገበታ የማያፍር ሰው በሌላው ገበታ ለመሳቅም አይቸኩልም።

*የምግብ ቤቱ ሰዎች እነማን ናቸው?*

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በየመንገዱ ጥግ የምታገኟቸው ትናንሽ የደቡብ ህንድ ምግብ ቤቶች አብዛኞቹ የኬረላ ሰዎች ናቸው። ኬረላ በህንድ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ያለች፣ በባሕርና በተራራ መሀል የተዘረጋች ጠባብ ክፍለ ግዛት ናት። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የነዳጅ ገንዘብ መፍሰስ ሲጀምር ልጆቿ ወደ ባሕረ ሰላጤው ጎረፉ። የክፍለ ግዛቲቱ የፍልሰት ጥናት በውጭ ያለው ተወላጅ ከ2 ሚሊዮን በላይ እንደሆነ ያሳያል፤ አብዛኛው ያለው እዚያው ባሕረ ሰላጤው ነው። የኛ እህቶችና ወንድሞች ዛሬ የሚያልፉበትን መንገድ፣ ደላላውን፣ የጋራ መኝታ ቤቱን፣ ወር ሲደርስ ገንዘብ የመላኩን ጭንቀት እነሱ በአባቶቻቸው ዘመን አልፈውበታል።

ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። ማፒላ ይባላሉ። እስልምና ወደነሱ የገባው በዐረብ ነጋዴዎች በኩል በባሕር ነው። ኮዱንጋሉር በምትባል ከተማ ያለው የቼራማን መስጂድ በ629 (እ.ኤ.አ.) እንደተሠራ የአካባቢው ትውፊት ይናገራል። እንደ ብዙዎቻችን መዝሀባቸው ሻፊዒይ ነው። በዓል ሲሆን የማላባር ቢርያኒ ይሠራሉ። ከምግብ በኋላ «ሱለይማኒ» የሚሉት ሎሚ የተጨመቀበት ቀይ ሻይ ያቀርባሉ። ጎንደር ወይም ደሴ ሻይ ቤት የተቀመጥክ እስኪመስልህ ድረስ።

ታላቁ ተጓዥ ኢብን ባጡጣ በ1340ዎቹ በዚያ የባሕር ዳርቻ አልፏል። ሒናውር በምትባል የሙስሊም ከተማ 23 የወንዶችና 13 የሴቶች ልጆች መማሪያ ቤት እንዳየ ጽፏል። ከከተማዋ ሱልጣን ጋር በገበታ ቀርቦ ሩዙን፣ ቅቤውን፣ የተዘፈዘፈውን ቃሪያ፣ ዝንጅብሉን፣ ሎሚውንና ማንጎውን አንድ በአንድ ዘርዝሯል። ሰውየው የስንዴ ዳቦ የለመደ የሞሮኮ ልጅ ነው። በዚያ አካባቢ ዓመታት ሩዝ ብቻ በልቶ ሲሰለቸው በውኃ ካልሆነ መዋጥ እንዳቃተው አልደበቀም። እንደሰለቸው ተናገረ፤ የሰዎቹን ምግብ ግን አንቋሽሾ አልጻፈም። ለዚህ ነው ከ600 ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬም የምናነበው። በዚያው ጉዞው የሐበሻ ወታደሮች የህንድን መርከቦች ይጠብቁ እንደነበር፣ የባሕር ወንበዴም አንድ ሐበሻ ያለበትን መርከብ ይፈራ እንደነበር መዝግቧል። ከህንድ ጋር ያለን ትውውቅ በሥራ ኮንትራት የተጀመረ አይደለም።

ከአባቶቻችን ዘመንም ትዝታ አለ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በየአውራጃው ትምህርት ቤት ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩት የህንድ መምህራን ብዙዎቹ የኬረላ ሰዎች ነበሩ። ልጁ ካሜራውን ያዞረበት ሰው የአባቱ አስተማሪ የአገር ልጅ ሊሆን ይችላል።

*እነሱም በእኛ ይገረማሉ*

ግርምቱ የአንድ ወገን እንዳይመስለን። በደቡብ ህንድ ወግ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ሳህን ወይም የራሱ የሙዝ ቅጠል አለው። አፍ የነካው እጅ ሌላው ሰው ምግብ ውስጥ መግባቱ በብዙዎቹ ዘንድ ነውር ነው። በታሚል ቋንቋ «ኤቺል» ይሉታል። እንግዲህ አምስት ሐበሻ አንድ ትሪ ከቦ ከአንድ እንጀራ ሲቆርስ ሲያዩ ምን ይሰማቸው? «በሞቴ» ብለህ ህንዳዊውን የሥራ ባልደረባህን ድንገት ብታጎርሰው በልቡ ምን ይል ይሆን? ለኛ ጉርሻ የፍቅር ጥግ ነው፤ ለእሱ የማይለመድ ነገር ነው። ግን ስንቱ ህንዳዊ ካሜራ ደግኖ «ተመልከቱ፣ ሐበሾች እጃቸውን አንድ ሳህን ውስጥ ከተቱ» ብሎ ሳቀብን? ቢያደርገውስ ምን ይሰማን ነበር?

እነሱ ዘንድ ስትቀመጥ ማወቅ ያለብህ አደብም አለ። «ሚልስ» የሚባለውን የሩዝ ገበታ ካዘዝክ አስተናጋጁ ሳትጠይቀው እየደጋገመ ይጨምርልሃል። ምግቡ የቀረበው በሙዝ ቅጠል ከሆነ ቅጠሉን ማጠፍ «በቃኝ፣ ጠገብኩ» ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው እየተጨመረለት ይተርፈዋል፤ የተረፈው ይጣላል። ኢስራፍ ደግሞ በዲናችን የተጠላ ነው። ጠይቆ ማወቅ ከሁለቱም ያድናል።

*ሐላሉና ሐራሙስ?*

«ንቀቱስ ይቅር፣ ግን ሐላል መሆኑን በምን አውቃለሁ?» የሚል ወንድም ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጥያቄውን የማይጠይቀው ነው የሚያሳስበው። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ስህተት እናያለን። አንዱ ቤቱ ሳለ ጥንቁቅ የነበረ፣ ድንበር ሲሻገር ግን የቀረበለትን ሥጋ ሁሉ ሳይጠይቅ የሚበላ ነው። ሌላው የህንድ ሽታ ስለሸተተው ብቻ «ሐራም ነው» ብሎ የሚፈርድ ነው። አላህ በሱረቱ-ነሕል ያለ ዕውቀት በምላሳችን «ይህ ሐላል፣ ይህ ሐራም» ከማለት አስጠንቅቆናል። ሁለተኛው ስህተት ከመጀመሪያው ያነሰ አይደለም።

መስመሩ ግልጽ ነው። ሩዝ፣ ክክ፣ አትክልት፣ ኮኮናት በመሠረቱ ሐላል ነው፤ የሠራው ሰው ሂንዱ ቢሆንም። ሥጋው ግን ያራጁን ማንነት ይጠይቃል። ሙስሊም ወይም የመጽሐፉ ሰው ያላረደው ሥጋ እንደማይበላ የዑለማዎች አቋም የታወቀ ነው። በውጭ ካሉት የደቡብ ህንድ ምግብ ቤቶች ደግሞ ብዙዎቹ ሥጋ ወጥ ቤታቸው ውስጥ የማያስገቡ የአትክልት ቤቶች ናቸው። ሙስሊም ባልሆነ አገር ላለ ወንድም ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሰሓባው አቡ ሠዕለባ (ረ.ዐ) በመጽሐፉ ሰዎች አገር ሲኖሩ ስለ ዕቃዎቻቸው ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቀው ነበር። መልሱ ሌላ ዕቃ ካገኛችሁ በሌላው፣ ካላገኛችሁ አጥባችሁ ተጠቀሙ የሚል ነበር። ጥንቃቄ አለ፤ ማጨናነቅ የለም። ስድብ ደግሞ ጭራሽ የለም። የተጠራጠረ ይጠይቅ፤ ሥጋ ካጠራጠረው ዶሳና ሳምባር ይዘዝ።

*አለመብላትና መናቅ ይለያያሉ*

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ምግብን አንድም ቀን ነቅፈው እንደማያውቁ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። ከፈለጉት ይበሉታል፤ ካልፈለጉት ይተዉታል። በቃ። በዚህ መሀል ሦስተኛ ነገር የለም።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል የደብ ታሪክ ያሳየናል። ደብ የበረሃ እንሽላሊት መሰል ፍጥረት ነው። በእናታችን በመይሙና (ረ.ዐ) ቤት ተጠብሶ ቀረበ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸውን ሊሰዱ ሲሉ ምን እንደሆነ ተነገራቸው፤ እጃቸውን ሰበሰቡ። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) ሐራም እንደሆነ ጠየቃቸው። «ሐራም አይደለም፤ በሕዝቤ ምድር ስለሌለ ነፍሴ አልፈለገውም» የሚል ትርጉም ያለው መልስ ሰጡት። ኻሊድ ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ በላ፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እያዩት።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ በዚህች አጭር ታሪክ ውስጥ ያለውን አደብ ተመልከቱ። ምክንያቱን ወደ ራሳቸው አደረጉት። «እኔ አልለመድኩትም» አሉ እንጂ «ይህ የሚበላ ነው?» አላሉም። አብሯቸው የተቀመጠውን ሰው አላሸማቀቁም። ያመጣው ሰው አላፈረም፤ የበላውም አልተናቀም። አንድ ሰው በቀረበለት ነገር ነፍሱ እምቢ ስትል ማድረግ ያለበት ሙሉ ትምህርት ይሄው ነው።

የገበታ አደብ ሲነሳ ሁላችንም የምንጠቅሰው ሐዲስ፣ ቢስሚላህ በል፣ በቀኝህ ብላ፣ ከፊትህ ብላ የሚለው ትምህርት፣ የተነገረው ለዑመር ኢብኑ አቢ ሰለማ ነው። ያኔ ትንሽ ልጅ ነበር፤ እጁ ሳህኑ ላይ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። ብዙ የታሪክ ጸሐፍት ይህ ልጅ ወላጆቹ ተሰደው ሳለ በሐበሻ ምድር እንደተወለደ ይናገራሉ። የገበታን አደብ ለኡማው ሁሉ ያስገኘው ልጅ በኛ አገር በእንግድነት የተወለደ ነው። እኛ ደግሞ በሰው አገር በእንግድነት ተቀምጠን በሰው ገበታ እንሳቅ?

እውነቱን ለመናገር ይህን አደብ ያገራችን ሽማግሌዎች በደንብ ያውቁታል። በጎንደርም በወሎም ክርስቲያን ጎረቤት ሠርግ ሲደግስ ሙስሊም ጠርቶ ያሳርዳል፤ ለሙስሊም እንግዶቹ ለብቻ ያሠራል። ሙስሊሙ የክርስቲያኑን ሥጋ አይበላም፤ ግን «ቆሻሻ» አይለውም። ክርስቲያኑም እንዲሁ። በጾም ሽሮ፣ በቡና፣ በቆሎ አብረው ይቀመጣሉ። አለመብላትና መናቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን መጽሐፍ ሳይገልጡ በኑሮ አስተማሩን። ያ ዕውቀት ስልካችን ውስጥ ነው የጠፋው።

*ወደ ደጃችን*

ግን ሽማግሌዎቻችንም ቢሆኑ ያልደረሱበት ቦታ አለ። ጣና ዳር የሚኖሩ ነገደ ወይጦዎች አሉ። ሙስሊሞች ናቸው። ከደንገል ታንኳ ይሠራሉ። ቀድሞ ጉማሬ እያደኑ ይበሉ ነበር። በዚህም ምክንያት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤታቸው አብሯቸው አይበላም፣ አይጋባም ነበር። «ሙስሊም ነን» ሲሉ ሙስሊሙ ራሱ ሳይቀበላቸው ኖረ። የጉማሬ ሥጋ ሑክም የዑለማ ጉዳይ ነው፤ በእርግጥም የተነጋገሩበት ጉዳይ ነው። ላኢላሃ ኢለላህ ያለን ሰው ከሰፍ ማራቅ ግን የየትኛው ዓሊም ፈትዋ ነው? የጉማሬ አደኑ ከቀረ ስንት ዘመኑ! ንቀቱ ግን እስከ ዛሬ ጨርሶ አልለቀቀም። ምግብ ይቀየራል፤ በምግብ ሰበብ የተተከለ ንቀት ግን ሥር ይሰዳል። ለዚህ ነው «ቀልድ ነው» የሚለውን መልስ የማልቀበለው።

ወደ ገለጉ ስንመጣ ደግሞ ጉሙዞች አሉ። ከደጋ ከወረድነው ከብዙዎቻችን በፊት በቋራና በመተማ ቆላ የኖሩ ናቸው። ከመካከላቸው ሙስሊሞች አሉ። የከተማው ልጅ ስለነሱ ሲያወራ ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የሚያነሳው ምን እንደሚበሉ ነው፤ የሚያነሳውም ለማወቅ ሳይሆን ለመሳቅ ነው። የሰሊጥ አረምና አጨዳ ሲደርስ ከደጋ የሚወርደው ሳሉግም አለ። በየእርሻው የማሽላ እንጀራ በሽሮ እየበላ ሰሊጡን የሚያነሳልን እሱ ነው። ከተማ ሲገባ ግን በአበላሉ ይሾፍበታል።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው ወንድሞችና እህቶች በመተማ በኩል ገብተዋል። ኩመርና አውላላ መጠለያዎች ውስጥ የኖሩትን አስቡ። ትናንት የኛ ልጆች ገዳሪፍና ካርቱም ሄደው የሱዳን እናቶች ኪስራ በሙላህ አብልተዋቸዋል። ኪስራ ምንድን ነው? የቦካ የማሽላ ሊጥ በምጣድ ላይ በስሱ ተዘርግቶ የሚጋገር ነው። እንጀራ፣ ኪስራ፣ ዶሳ ሦስቱም የቦካ ሊጥና የጋለ ምጣድ ልጆች ናቸው። ዛሬ ያቺ እናት እኛ ደጅ ደርሳ፣ ኪስራዋን ጋግራ መንገድ ዳር ብትሸጥ፣ ምን ብለን እናልፋለን? ዱባይ ላይ የተማርነው ሳቅ ይሁን ወይስ ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የተማርነው አደብ?

ሱረቱል ሑጁራት 11ኛው አንቀጽ ላይ አላህ ሕዝብ በሕዝብ እንዳይሳለቅ ከልክሏል። የተሳለቁባቸው ከተሳለቁት የተሻሉ ሊሆኑ እንደሚችሉም አሳስቧል። ሳያውቅ የተቀረጸው ያ ሠራተኛ ምናልባት ፈጅርን በጀማዓ ሰግዶ የወጣ፣ ደመወዙን ለእናቱ የሚልክ፣ አላህ ዘንድ ከመቶዎቻችን የሚበልጥ ሰው ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በውጭ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የደቡብ ህንድ ምግብ ቤት ስትገቡ ቢስሚላህ ብላችሁ ቅመሱ። ካልጣማችሁ ተዉት፤ «አልለመድኩትም» ማለት ይበቃል። ያጠራጠራችሁን ጠይቁ። ሰው ሲበላ አትቅረጹ። ባለቤቱ ማፒላ ከሆነ ሰላምታ ስጡት፣ ከየት እንደመጣ ጠይቁት፣ ስለ ማሽላና ስለ ሰሊጥ ንገሩት። ለአንድ እርሻ ውሎ የሚሆን ጨዋታ ይወጣችኋል። አገር ቤት ያለን ደግሞ እንዲህ ዓይነት ቪዲዮ ሲደርሰን አናስተላልፍ፤ የላከውንም በለሆሳስ እንምከረው። ከዚያ በላይ ግን በዚህ ሳምንት አብረን በልተን የማናውቀውን አንድ ሰው፣ ጉሙዝ ይሁን ሳሉግ ወይም ከሱዳን የመጣ እንግዳ፣ ገበታችን ላይ እንጥራው። እሱ ከጠራንም እንሂድለት። ሰው የሚታወቀው አብሮ ሲበላ ነው።

አላህ ምላሳችንን ከንቀት፣ ሆዳችንን ከሐራም ይጠብቅልን። በየስደቱ ያሉትን ወንድሞችና እህቶች በሐላል ሪዝቅ ያብቃቃቸው፣ በሰላም ለቤታቸው ያብቃቸው። ለሱዳንም ለአገራችንም ሰላሙን ያውርድልን። አሚን!

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።